አለቃው የቆለፈው ኮምፒውተር

ወሬውን ያመጣችው የሊፍት ጥገና ድርጅቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ መጥረጊያዋን ይዛ የማትሰማው ነገር የለም።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ ባይ ነው። ቤቱ ሆኖ የቢሮውን ኮምፒውተር መክፈት እንዲችል ቴክኒሻኑን አዝዞ መንገዱን አስከፈተ። የይለፍ ቃል ይደረግለት ሲባል፣ «ማን ደፍሮኝ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ቴሌቪዥን ፊት ማንኮራፋት ሆነ ሥራው። ሚስቱ ሥራ እንዴት ዋለ ብላ ስትጠይቀው፣ ብነግርሽስ መች ይገባሻል ይላታል። ምስኪን፣ አቧራ እንዳይጠጣ ላፕቶፑን ስትወለውል ነው የምትውለው።

አንድ ቀን አለቃው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ማውሱን ማንም ሳይነካው ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ሽር ትላለች። ጠዋት የጻፈው የጠጋኞች ስምሪትም ተቀይሯል። የድርጅቱ ባለቤት ሰሞኑን ሥራውን ቢያደንቅለትም፣ አንድ ደንበኛ ካማረረ ወንበሩን እንደሚያጣ ቀድሞ አስጠንቅቆታል።

«ወንበሬን የፈለገ ሰው እየገባ ነው» አለ። መንገዱን የሚያውቀው ደግሞ ያው ቴክኒሻኑ ነው።

አስጠርቶ የይለፍ ቃል አድርግ አለው። ቴክኒሻኑ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈና ቦታውን ለቀቀለት። አለቃው እንዳያይበት ልጁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ቁልፎቹን ቢደበድብ ግን አንድ ፊደል ብቅ አልል አለ።

«ይሄ ኪቦርድ ሞቷል።»

«አልሞተም አለቃ። ይጽፋል፣ ግን አይታይም።»

«የማይታይ ጽሑፍ? ጅል መሰልኩህ?»

«ሌላ ሰው እንዳያይብዎት ነው። ጨርሰው ኢንተር ይጫኑ፣ ከዚያ አንዴ ይድገሙት።»

ላቡን እየጠረገ ደገመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀስቷ ቀጥ አለች። አለቃው፣ ሌባው በሩ ሲዘጋበት አረፈ ብሎ ቴክኒሻኑን አባረረው። ማታ ገድሉን ለሚስቱ ሲተርክ፣ ሹካዋን አስቀምጣ ቃሉ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ለሚስት ከተነገረማ ምኑን ምሥጢር ሆነ?» አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ጠጋኞች ፎቅ ወደሌለው መጋዘን ሊፍት ሊጠግኑ ተላኩ። ሊፍት ውስጥ ተዘግተው ለዋሉት አሮጊት የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍ ቢባል፣ አለቃው እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ላከላቸው። የድርጅቱ ባለቤት የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለውና በሩን አሳየው።

ቴክኒሻኑ ሌላ ድርጅት ተቀጥሯል። አለቃው ቤቱ ቁጭ ብሎ እስከ ዛሬ እሱን ይረግማል።

ለቦታው ከተወዳደሩት ውስጥ ፈተናውን አንደኛ ወጥታ ያለፈችው ሚስቱ ናት፤ ሥራውንም እንደ ድሮው ከምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ትሠራለች።