የተፈታው ገመድ

ሰውየው ለሦስት ወር ሥልጠና ከከተማ ሊወጣ ሲሰናዳ፣ መካኒኩ አባተ «ጋሼ፣ የመኪናው ባትሪ እንዳይወርድ በየሳምንቱ ሰው ይንዳው» ብሎ መከረው።

ሰውየው ቱግ አለ። «ማን? እሷ?»

ሚስቱ ጥሩነሽ መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ቁመቷ ከደረቱ ስለማያልፍ «መንገዱ እንኳ አይታይሽም» እያለ አንድም ቀን መሪ አስይዟት አያውቅም።

«የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ከፈታሁት አይወርድም፤ ማንም አያስነሳውም!» አለና ገመዱን ፈታ። ኮፈኑን ዘግቶ፣ ቁልፉን «ምናልባት እሳት ቢነሳ እንኳ ሰው ገፍቶ ያውጣው» ብሎ ለሚስቱ ሰጥቶ ሄደ።

ሲመለስ ሻንጣውን ሳያስገባ አባተን አስጠራ። ገመዱ እንደተፈታ ነው። ሰውየው ራሱ መልሶ አሰረው፤ እንደቸኮለ እጁን በመስኮት ሰዶ ከሚስቱ የተቀበለውን ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሳ።

«አየህ?» ብሎ ጮኸ። «መማር ማለት ይሄ ነው! በአንተ ምክር ቢሆን ሦስት ወር ሙሉ ቤንዚን ባቃጠልኩ ነበር።»

«እውነትም ጋሼ፣ ትናንት የተነዳ ነው የሚመስለው» አለ አባተ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«አንቺም ተማሪ!»

«ተምሬያለሁ» አለች ጥሩነሽ።

ሰውየው እየተጎማለለ በሩን ከፍቶ ሊቀመጥ ሲል ሁለቱም ጉልበቶቹ ከመሪው ጋር ተላተሙ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደፊት ተስቧል።