የተዘጋጀው ሻንጣ

አንጋፋው ፖለቲከኛ ከገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ከወጣ ወዲህ፣ «ፓርቲያችን የአንድ ሰው ንብረት ሆኗል» እያለ በየሬዲዮው ሲናገር ከረመ። ማንም አልነካውም። የእሱን ግማሽ እንኳ ያልተናገረው የድሮ ጓዱ ገረመው ግን ታሰረ፤ ሰዉም ስንቅ እየያዘ ይጎርፍለት ጀመር። ይህ አንገበገበው። ብርድ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ተራውን መጠበቅ ያዘ።

አንድ ማለዳ ፖሊሶች በሩን አንኳኩ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ።

«መንገድ ሊሄዱ ነበር እንዴ ጋሼ?» አለ አዛዡ። «ጎረቤትዎን፣ መምህር ልሳኑን ልንይዘው ነው። ቤቱ ሲበረበር ታዛቢ ይሁኑልን።»

«ምን አድርጎ?»

«የእርስዎን የሬዲዮ ንግግር አባዝቶ ሲበትን ተገኝቶ።»

ሻንጣውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ ንግግሩ የእኔ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። መምህሩን ግን ሰው ይሰማዋል።»