ሁለተኛው ብርጭቆ

እትዬ በላይነሽ ከሁለተኛው ብርጭቆ ተጎንጭተው ቀና ሲሉ፣ ጣይባን በጠጅ ቤታቸው በር ላይ ቆማ አዩዋት። ጣልያኑ የማሽላ መሬቷን ነጥቆ ቀይ ወይን ከተከለበት ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሌላ ዓይነት ደግሞ ወንዙ ዳር አልምቷል። አሁን ለጠጅ ቤቶች የሚሸጠውን ሊመርጥ ሁለቱንም አስጠምቆ መጣ።

«የተሻለውን ይንገሩን» አለ አስተርጓሚው። «የተናቀው ነገ ይነቀላል፤ መሬቱም ለባለቤቱ ይመለሳል። እትዬ፣ አፍዎ አይዋሽም ይባላል። ወይስ የሚያውቀው ጠጅ ብቻ ነው?»

«አፌን ተወውና ጆሮህን ክፈት» አሉት።

የወንዙ ዳር ወይን ቀላል ነበር፤ ፈጥኖ ጣፍጦ ገና ሳይዋጥ ጠፋ። ሁለተኛው፣ የጣይባ መሬት ወይን፣ ግን ጌሾው እንደጠነከረ ጠጅ ድድ ያዘ፤ ጣዕሙን የገለጠውም ከተዋጠ በኋላ ነበር። ዓመታት ቢቀመጥ እየበሰለ የሚሄድ መጠጥ ነው። እትዬ በላይነሽ በዕድሜያቸው ጥሩን መጠጥ መጥፎ ብለው አያውቁም።

«የወንዙ ዳር ይሻላል» አሉ ድምፃቸው ሳያወላውል። «ይህኛው ሻካራ ነው፤ አፍ ያደርቃል። ንቀሉት።»

ጣልያኑ አመነና ተነሣ። አስተርጓሚው ጠርሙሶቹን ሊሰበስብ ሲል እትዬ በላይነሽ የሁለተኛውን አንገት ያዙ።

«ይህን ተውልኝ። የጠጅ ጋን ማጠቢያ ይሆነኛል።»

ሰዎቹ እንደወጡ የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው አሰሩና ከጓዳው ቀዝቃዛ ጥግ፣ የሰው እጅ ከማይደርስበት አኖሩት።