ማሳ ውስጥ የተቀበረ ከሰል

ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ አምባዬ የገብስ ማሳውን ሲያርስ ማረሻው ጥቁር ነገር ገለበጠ። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። የደቀቀ ከሰል ነው፤ እበት እበት ይሸታል። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በየቦታው ተቀብሯል።

ደሙ ፈላ። መተት እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የቀበረውን ለማወቅም አልተቸገረም። ጎረቤቱ ምንይሉ ከሰል አክስሎ ሻጭ ነው፤ በድንበር ከተጣሉም ቆይተዋል።

ሚስቱ ይዘንጋሽ ከባዮጋዙ ጉድጓድ የወጣውን የእበት ዝቃጭ ለማዳበሪያ ተሸክማ መጣች። አምና የተሰበረው ክንዷ በቅጡ ስላልጠገነ ባልዲውን በአንድ እጇ ነው የያዘችው። ነገሩን ሽማግሌ ፊት እንዳያደርሰው ለመነችው። መተቱን ፈርታ ነው ብሎ ጭራሽ ባሰበት።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጡ።

"ይሄን ያደረገው የቤቴ ሰው ቢሆን እናንተን አላስቸግርም ነበር" አለ አምባዬ። "እጁን ራሴ እሰብረዋለሁ።"

ምንይሉ እንዲምል ተጠየቀ። እሱ ከማለ የቀረው ሰው ሁሉ በየተራ እንደሚምል ተነገረው። ዳር የቆመችውን ይዘንጋሽን አየት አደረገና "አልምልም" አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከማኅበር አስወጡት፤ በሥራም በሐዘንም ማንም እንዳይደርስለት ወሰኑ።

አምባዬ ከሰሉን አስለቅሞ አስጣለ። ዳገቱ ጥግ ያለች ቁራሽ መሬት ብቻ ሳትነካ ቀረች። ነሐሴ ላይ ገብሱ ቢጫ ሆነ፤ የቁራሿ ግን ለምለም ነበር። የግብርና ባለሙያዋ አርሴማ አይታ፣ ዝቃጩ ብቻውን ሲደፋ ናይትሮጂኑን አየርና ጎርፍ እንደሚወስደው፣ ከሰል ሲነከርበት ግን መሬቱ ይዞ እንደሚያቆየው አስረዳች። ባዮጋዙ ሲተከል ለቤቱ ሰው ነግራ እንደነበርም አነሳች። አምባዬ ያን ቀን ገበያ ነበር።

"ቢጠቅምስ፣ በመሬቴ ማን አዘዘው?" ብሎ ጮኸባት። ምንይሉን ይቅርታ መጠየቅማ የማይታሰብ ነው።

ኅዳር ላይ የምንይሉ ገብስ ደረሰ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ ከወረደ የዓመት ቀለቡ አፈር መብላቱ ነው። ወንፈል የሚገባለት ጠፋ። ሰውየው ብቻውን ያጭዳል፣ መንደሩ እጁን አጣጥፎ ያያል። ያሳፍራል።

ይዘንጋሽ ማጭዷን አንስታ ድንበሩን ተሻገረችና ከምንይሉ ጎን ማጨድ ጀመረች።

"መተተኛውን ልታግዢ ነው?" አለ አምባዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ከሰሉን የቀበርኩት እኔ ነኝ" አለች፣ ያልጠገነ ክንዷን ዘርግታለት። "በል አሁን ና።"