አሮጌው ጭስ ማውጫ

አሮጌዋ መኪና በማርሽ ተይዛ ቁልቁለት ስትወርድ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ በተነሳ ቁጥር ጧ! ጧ! ትላለች። ከጎን የምትቀመጠው የልብ ሕመምተኛ እናት ደረቷን ትይዛለች፤ የምትነዳው ልጇ ደግሞ ትሳቀቃለች።

መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየ። "የጭስ ማውጫው ቱቦ ተቀዷል። አየር እየገባ የተረፈውን ነዳጅ ያቀጣጥለዋል። ይቀየራል።"

"ነገ ደግሞ ሌላ ሰበብ እንዳታመጣብኝ!" አለች ልጅቷ።

"እህቴ፣ ከእንግዲህ ከጮኸች በቱቦው ፋንታ እኔን በይጂኝ!"

አዲሱ ተገጠመ። ልጅቷ እናቷን ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ መኪናዋን ልትሞክር ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ከነዳጁ አነሳች፤ ጸጥ። ደገመችው፤ አሁንም ጸጥ። እፎይ አለች።

ስትመለስ መካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የተፈታው አሮጌ ቱቦ እናቷ እግር ሥር ተጋድሟል።

"እግርሽን ያነሳሽው ሁለቴ ነው?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ይሄ ቱቦ እዚህ መሬት ላይ ሁለቴ ጮኸ።"

ልትስቅበት አፏን ስትከፍት ቱቦው ጧ! አለ። መኪናዋ ጠፍታለች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

እናቷ አልደነገጠችም። ፊት ለፊቷ የቆመችውን ልጇን አልፋ ወደ ቁልቁለቱ መንገድ አየችና ፈገግ አለች።

"ይኸው፣ ልጄ መጣች።"