የጅማው ተማሪ

ጡረታ የወጣው የደሴው መምህር ኤስፔራንቶ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ በፖስታ የሚያስተምረው አንድ ተማሪ ብቻ ነበረው፤ አይቶት የማያውቅ የጅማ ሰው። በታይፕ የተመታውን የቤት ሥራ በየወሩ ከፖስታ ሳጥን የምታመጣለትም፣ እርማቱን ወስዳ የምትልክለትም ሚስቱ ነበረች።

ተማሪው ስድስት ዓመት ሙሉ ቅድመ ቅጥያ ላይ እንደተሳሳተ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ጭራሽ አይገባውም» ይላል መምህሩ። «ከቃሉ ፊት ‹ማል› ስትጨምሪ ጥሩው መጥፎ፣ ትልቁ ትንሽ ይሆናል፤ በቃ። ቅድመ ቅጥያ በሌላም ቋንቋ አለ፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሚነገረው በምዕራብ ማኪያን ቋንቋ ከግሱ ፊት የምትገባዋ ቅጥያ አድራጊው ማን እንደሆነ ትነግርሻለች። ምኑ ይከብዳል?»

«ቀስ ብለህ አስረዳው» ትለዋለች ሚስቱ፣ ከምትሠራው ሹራብ ቀና ሳትል።

«በኤስፔራንቶ ደህና አደርክ የሚለኝ አንድ ሰው ሳላገኝ ልሞት ነው።»

እሷ ቀደመችው። ከአርባዋ በኋላ ልብሷን ለነዳያን ሊሰጥ ሳጥኗን ቢከፍት፣ ለጅማው ሰው የላካቸው እርማቶች በሙሉ በየቀናቸው ተደርድረዋል። ከሥራቸው በእሷ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር አለ፤ የስድስት ዓመቱ የቤት ሥራ። እያንዳንዱ መልስ መጀመሪያ በትክክል ተጽፏል፤ ከዚያ ተሰርዞ፣ ከጎኑ ስህተቱ ተጽፏል።