የበር ማግኔት

እማዬ ጨረቃ ድረስ የመጣችው እኔን አራሷን ልትጠይቅ ነው። ገና ከበር እጆቿን ዘርግታ ወደ ሕፃኗ ስትገሰግስ መሃል ገባሁ።

«ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ልጥረግሽ።»

«ተጸየፍሽኝ እንዴ?» ቅር አላት።

ከመንኮራኩሩ እስከ በራችን በዝጉ መተላለፊያ ስትመጣ፣ ቆፋሪዎች ይዘው የገቡት የጨረቃ አቧራ ልብሷ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከበር ጀርባ የተሰቀለውን ማግኔት አውርጄ ከቀሚሷ ጫፍ ጀመርኩ። ጥቁሩ ዱቄት ብድግ እያለ ማግኔቱ ላይ ሲለጠፍ አየች።

«ምንድን ነው?»

«የደቀቀ መስታወት ነው። ሳንባ ይበላል። ደግነቱ እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ዓይን የማያያት ብረት አለች፤ ማግኔት የሚስበው እሷን ነው። እሷ ባትኖር ልጄን እዚህ አልወልዳትም ነበር።»

«ግዛቸውን የገደለው ይሄ ነው?»

ወንድሜ ግዛቸው እዚህ ቆፋሪ ነበር። ማግኔቱን ገና ማንም ሳያስበው፣ ሲስል ከርሞ ሞተ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እና እንዲህ በቀላሉ ይለቃል?»

ጫማዋን አውልቄ፣ አባቴ ከመንገድ ሲገባ እግሩን አጥበው እንደነበረው ተንበርክኬ እግሯን ጠረግሁ። እዚህ ለእግር የሚተርፍ ውሃ የለም። እጇን አናቴ ላይ ጫነች።

«ብረቷን እዚያ ውስጥ ያስቀመጠ አምላክ ይመስገን። ተባረኪ፣ ልጄ።»

ሕፃኗን ላቀብላት ስነሣ ያዘችኝ። እግሯን መልሳ ዘረጋች።

«አንዴ ድገሚልኝ። ይሄኛው ለግዛቸው ነው።»

ማግኔቱን በጨርቅ ጠርጌ ደገምኩላት። ማግኔቱ ምንም ሳይዝ ንጹሕ ሆኖ ተነሣ። ያኔ ልጄን ተቀበለችኝ።